እታለም ዘንገናን ስትዞር

«ስኳር ገና አልያዘህም፤ ግን በር ላይ ቆሟል» አለኝ ሐኪሙ። ዕድሜዬን በቢሮ ወንበር ላይ የፈጀሁ ሰው ነኝና ነገሩ ብዙም አልደነቀኝም። «እንግዲህ መሮጥ ነው» ሲለኝ ግን ደነገጥኩ። የት ልሩጥ ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

«እንጅባራ ተቀምጠህ ይህን ትጠይቃለህ? ዘንገና ምን ሆነ?»

እውነቱን ነው። ዘንገና ከከተማችን ብዙም አይርቅም። ባጃጅ ይዞ ወይ ወደ ቲሊሊ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሮ መንገድ ዳር መውረድ ነው። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ሲሉ መሬቱ ድንገት ይጎደጉድና ሐይቁ ከታች ክብ ሆኖ፣ ዙሪያውን በደን ተከቦ ይታያል። በደኑ ውስጥ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ፣ የሰውና የከብት እግር ያወጣው ቀጭን መንገድ አለ። ሐይቁን ይዞርና ከተነሱበት ይመልሳል። አንዳንዱ ቦታ ላይ የዛፍ ሥር ያደናቅፋል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቶ ስለሚቆይ፣ ከጎንህ ሐይቅ መኖሩን የምታውቀው በዳክዬዎቹ ድምፅ ብቻ ነው።

እዚያ ጀመርኩ። ሩጫ ለማለት ግን ያስቸግራል። ጥቂት እሮጣለሁ፣ ብዙ እራመዳለሁ፣ ጎኔን ይዤ እቆማለሁ። ዙሩን ስጨርስ ሁልጊዜ ደስ የሚለኝ መጨረሴ ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው እታለም የመጣችው። ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት፤ የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ እሷ ናት፣ የመጨረሻው እኔ ነኝ። የምትኖረው ዳንግላ አጠገብ፣ ከባሏ ጋር እያረሱ ነው። ሁለተኛዋ ሴት ልጇ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ልታስገባት መጣች። ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ አንድ ጆንያ ሙሉ በሶና ቆሎ ጭና። ልጅቷን ዶርም አስገብታ፣ አልጋዋን በእጇ አንጥፋላት፣ ማታ እኔ ቤት አደረች። በማግስቱ ጠዋት ቱታዬን ለብሼ ስወጣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ወዴት ነው እንዲህ ሆነህ?»

«ዘንገና። ልሮጥ።»

«አንተ?» ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች። «እኔም ልምጣ። ውሃውን ካየሁት ብዙ ጊዜዬ።»

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ደህና ድንጋይ ፈልጌ አስቀመጥኳትና «እዚሁ ጠብቂኝ፣ ዞሬ መጣሁ» ብያት ሄድኩ። ገና ትንፋሼ ማጠር ሲጀምር ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ከብት የሚነዳ ሰው መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁ። እታለም ነበረች። የቀሚሷን ጫፍ መቀነቷ ውስጥ ሰክታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ኮንጎ ጫማዋን በሁለት እጇ ይዛ በባዶ እግሯ ትሮጣለች። አንገቷ ቀጥ ብሏል። ክንዶቿ ከጎኗ አይርቁም። አጠገቤ ስትደርስ ፍጥነቷን እንኳን አልቀነሰችም።

«እታለም!»

«አትጥራኝ! እስቃለሁ!» አለችና አለፈችኝ።

ልከተላት ሞከርኩ። አንድ ሁለት ጊዜ የቀሚሷን ቀለም በዛፎቹ መሐል አየሁት፤ ከዚያ ጠፋ። ዙሩን ጨርሼ ስደርስ ያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የእግሯን ጭቃ በሣር እየጠረገች ነው። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ወይም አይቼው ረስቼዋለሁ።

«ትንፋሼን እኮ ሞቷል ብዬው ነበር» አለችኝ።

ባጃጅ እስኪመጣ ቆመን ሳለን «ለማንም እንዳትናገር» አለች። ለልጇም፣ ለባሏም። ምን ነውር አለው ብላት «ነውር የለውም፤ ግን አትናገር» አለችኝ።

ስለ እህቴ ሩጫ የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው ተሰብስቧል፤ አባቴ ትከሻው ላይ ተሸክሞኛል፤ ሰዎች ይጮኻሉ፤ አቧራው መሐል ልጃገረዶች እየሮጡ ያልፋሉ፤ አባቴ ከሥሬ ይዘላል። እሱ ሲዘል እኔ እንዳልወድቅ ጆሮውን ይዣለሁ። የፊተኛዋ እሷ ነበረች ይላሉ። እኔ የአባቴን ጆሮ እንጂ እሷን አላስታውስም። ከዚያ በኋላ እናታችን ታመመች፤ ታማም አልቆየች፣ ሞተች። እታለም ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን አስቀምጣ ቤቱን ያዘች። እኔን አዝላ ውሃ ቀዳች፣ እኔን አዝላ ገበያ ወጣች። አድጌ ትምህርት ቤት ስገባ እሷ አገባች። ከዚያ ወዲህ እህቴ ስትቸኩል እንጂ ስትሮጥ ያየሁበት ቀን የለም። በልቤ ግን ነገሩን ከፈታሁት ቆይቻለሁ፤ ሩጫውን ያስተውኳት ጀርባዋ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንጅባራ መመላለስ አበዛች። ሰበቡ ልጅቷ ናት። አንዴ በሶ አለቀባት ትላለች፣ አንዴ ብርዱ ጸናባት ብላ ጋቢ ታመጣለች። ከዳንግላ በጠዋቱ ሚኒባስ ተነስታ፣ መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ የከሰል ጆንያ እስኪጫን ጠብቃ፣ እኔ ቁርስ ሳልበላ ትደርሳለች። ዕቃውን እኔ ቤት ጥላ «ተነስ» ትለኛለች። ልጅቷ አንድ ቀን እኔ ቢሮ ድረስ መጥታ «አጎቴ፣ እባክህ እማዬን በሶ ይብቃሽ በልልኝ። የዶርም ልጆች ሁሉ በእኔ በሶ ነው የሚኖሩት» አለችኝ። የእታለም ባል ደግሞ ስልክ ደውሎ «ይቺ ልጅ ቤት እያለች እንዲህ አትበላም ነበር፤ ትምህርቱ ነው የሚያስርባት?» ብሎ ሳቀ። ደግ ሰው ነው። ያወቀም ይመስለኛል፤ ግን አልጠየቀም።

የስፖርት ጫማ ገዛሁላት። ሱሪም ገዝቼ ስሰጣት አገላብጣ አየችውና «ይሄንን ለብሼ እግዜር ፊት እቆማለሁ?» አለች። በኋላ ግን ከቀሚሷ ሥር ለበሰችው። ደኑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ታማትባለች፣ ቀሚሷን ትሰካለች፣ ከዚያ አትጠብቀኝም። መጀመሪያ ላይ አብሬያት ለመሮጥ ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም። ስለዚህ እሷ ትቀድማለች፣ እኔ በራሴ ልክ እከተላለሁ፣ መጨረሻው ላይ እንገናኛለን።

አንድ ጠዋት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከማዶ በኩል ሲመጡ አገኙን። የፊተኛዋ፣ እታለምን የምታክል ሴት፣ ሸክሟን ዛፍ ላይ አስደግፋ ቆመችና በአገውኛ ምን እንዳባረራት ጠየቀቻት። እህቴ እየሮጠች፣ ዘወር እንኳን ሳትል፣ በዚያው በአገውኛ መለሰችላት፤ ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። እኔ እያለከለክሁ ስደርስ ምን እንዳለቻቸው ጠየቅኋቸው። ቢሮ ውስጥ በአማርኛ ስውል ጆሮዬ ደንዝዟል።

«የሚያባርረኝ የለም፤ እኔው ነኝ የማባርረው አለችን» አለችኝ ሴትዮዋ። ከዚያ እኔን አየችኝ። «እርስዎን ነው እንዴ የምታባርረው? እርስዎማ ከኋላ ነዎት።»

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ባገኙን ቁጥር መንገዱን ከፍተው፣ እልል ብለው ያሳልፏታል። እሷ ታፍራለች፤ ግን ያ ቦታ ላይ ስትደርስ ትፈጥናለች።

ያን የቆየ ነገሬን የጠየቅኋት ጥቅምት ላይ ነው። ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ደርቆ ነበር። ሐይቁ ዳር አንድ የወደቀ ዛፍ ላይ ተቀምጠን ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ቆሎ እንቆረጥማለን።

«እታለም፣ ሩጫውን የተውሽው በእኔ ምክንያት ነው፣ አይደል?»

መቆርጠሟን አቆመችና አየችኝ። ሳቋን ስትለቀው ከውሃው ላይ ወፎች ተነሱ።

«አንተ ልጅ! አንተን አዝዬም እሮጥ ነበር እኮ። ወንዝ ስወርድ ማንም ሳያየኝ እሮጣለሁ፣ አንተ ደግሞ ጀርባዬ ላይ ትስቃለህ። ካቆምኩ ታለቅሳለህ።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

ቆሎውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታገላብጠዋለች። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ተይ ያለኝ ሰው የለም። አባባም አላለኝም። አትተይ ያለኝም የለም። እናታችን እንደሞተች ሰሞን የስፖርት አስተማሪው መጥቶ ይጠራኛል ብዬ ደጅ ደጁን አይ ነበር። አልመጣም። ምናልባት ሐዘን ላይ ናቸው ብሎ ይሆናል። ከዚያ ክረምት ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በቃ እንደዚያ ነው። ማንንም አልቀየምኩም፣ አንድ ቀንም ግን አልረሳሁትም። እህል ስንወቃ፣ ጎረቤት ለቅሶ ስሄድ፣ ሜዳውን ሳይ እግሬን ይበላኛል።»

ለብዙ ዓመት ይዤው የኖርኩት ወቀሳ ከእጄ ወጣና ባዶ እጄን ቀረሁ። በእኔ ምክንያት ቢሆን ይቅርታ እጠይቃት ነበር። የዚህን ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የለም።

በዚያው ቀን ልንሄድ ስንል «አንዴ ልድገመው?» አለችኝ። ፈቃድ የምትጠይቅ ይመስል። ሂጂ አልኳት፤ እኔ ከላይ ከመግቢያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቦታ ሐይቁ ከነዙሪያው ስለሚታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ሩጫዋን አየሁት። ቢጫ ቀሚሷ ዛፎቹ ሲሳሱ ብቅ ይላል፣ ጥቅጥቅ ሲሉ ይጠፋል። ማዶ ስትደርስ ትንሽ ነጥብ ሆነች፤ ውሃው ላይ ደግሞ ሌላ ቢጫ ነጥብ አብሯት ይሄድ ነበር። አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ያላየሁትን አሁን እያየሁ ነበር። ብቻዬን ቆሜ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ እንደ አባቴ መዝለል አማረኝ። ያቺ ልጅ ምን ያህል ትሮጥ ኖሯል? ማን ነው የሚያውቀው?

ስትመለስ አልቅሼ እንደነበር አውቃለች መሰለኝ፣ «ብርዱ ዐይንህን አስነባው?» ብላ አለፈችኝ።

አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ቆየን። ከዚያ ጫግኒ ያገባችው ትልቋ ልጇ ወለደች። እታለም አራሷን ልትጠይቅ ወረደች። ለአንድ ወር ነበር። አራሷ ነጋዴ ናት፤ ባሏ እህል እየጫነ ሲመላለስ ቤት አይገኝም። ሕፃኑ ደግሞ ከአያቱ በቀር ሌላ እጅ እምቢ አለ። አንዱ ወር ሦስት ሆነ። ዳንግላ ያለው ባሏ እርሻውን ታናሽ ወንድሙ የእኩል እንዲያርሰው ሰጥቶ እሱም ተከትሏት ወረደ። «ልጁ እግር ሲያወጣ እመለሳለሁ» አለችኝ በስልክ። ልጁ እግር አወጣ፤ እናቱ ግን ሁለተኛውን አረገዘች።

ጫግኒ ቆላ ነው። ስደውልላት የመጀመሪያው ወሬዋ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ ሁልጊዜ ያው ጥያቄ ይመጣል።

«ዞርከው?»

«ዞርኩት።»

«እንዴት ነው?»

በደፈናው «ደህና ነው» ብላት አትተወኝም። ውሃው ቀነሰ ወይ? ጉሙ ነበር? ሴቶቹን አገኘሃቸው? ያ ቁልቁለቱ ጋ ያለው ዋንዛ አብቧል? ለእሷ ስል ማየት ጀመርኩ። ድሮ እግሬን ብቻ እያየሁ የምሮጥ ሰው አሁን ማታ የምነግራትን እየለቀምኩ እሮጣለሁ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወሬው መሐል ላይ ይቀራል፤ መልሳ ትደውልና ካቆምኩበት ታስቀጥለኛለች። አንዴ ዝርዝሩን ጨርሼ ስልኩ ዝም አለ። ተቋረጠ ብዬ ልዘጋው ስል «አለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ ነኝ» አለችኝ።

እዚያስ አትሮጪም ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ወዴት? ደጁ ገበያ ነው፤ ማዶው ባጃጅ ነው። ደግሞ እዚህ የልጄ አማቾች አሉ» አለች። አልገፋኋትም።

ባለፈው ሰኔ እንጅባራ የዘመድ ተዝካር ነበርና መጣች። ሳገኛት ወፍራ ነበር፤ ስትቀመጥም ስትነሳም ጉልበቷን ትይዛለች። ተዝካሩ እንዳለቀ፣ ሰው ሳይበተን፣ ጎኔን ነካ አድርጋ «አሁን ሂደን እንምጣ» አለችኝ። ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ሳይጀምር እንደርሳለን ብለን ባጃጅ ይዘን ሄድን። ሹፌሩ እንዲጠብቀን ነገርነው።

መንገዱ ጭቃ ሆኗል። አማተበች፣ ቀሚሷን ሰካች፣ ሮጠች። እንደ ድሮዋ መስሎኝ ወደ ኋላ ቀረሁላት። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፍኩ ግን ዛፍ ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«እንመለስ?» አልኳት።

«አይሆንም። ዞረን ነው የምንወጣው።»

ክንዴን ያዘችና በእግር ዞርነው። ዝናቡ ጀመረን፤ ቅጠሉ መጀመሪያ ላይ አስጠለለን፣ በኋላ እሱም ማፍሰስ ጀመረ። ነጠላዋን ለሁለታችን አለበሰችን። ስለ ልጅ ልጆቿ ነገረችኝ፣ ስለ ቆላው ትንኝ ነገረችኝ። ማዶው ላይ ስንደርስ፣ ድሮ ሴቶቹ እልል የሚሉላት ቦታ ላይ ማንም አልነበረም። ቆማ ውሃውን አየችው።

«እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ?» አለች። «ስሮጥ እኮ እንዲህ ሰፊ አልነበረም። ስሮጥ የእኔ ነበር። አሁን ሐይቅ ነው።»

ጉልበትሽ ይድናል፣ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፣ አልኳት። «እሱስ ይድናል» አለች።

ስንወጣ ባጃጁ ጥሩምባውን እያስጮኸ ነበር። መናኸሪያ ስንደርስ የጫግኒው ሚኒባስ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። እርጥብ ፀጉሯን በነጠላዋ እየጠራረገች «ጥቅምት ጭቃው ሲደርቅ እመጣለሁ። እስከዚያ አንተ እንዳትተወው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ጥቅምት አለፈ። ሁለተኛው ሕፃን ታሞ ነበርና መምጣት አልቻለችም። ሕፃኑ አሁን ደህና ነው። የእኔም ስኳር ከበሩ ላይ ዘወር ብሏል ይላል ሐኪሙ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር። ኅዳር ነው፤ መንገዱ ደርቋል፤ ጉሙ ገና ከውሃው አልተነሳም። ሳልቆም ዞርኩት፤ እንዲህ ስዞር አይታኝ አታውቅም። ከላይ መግቢያው ጋ ቆሜ ፀሐይዋ ማዶው ደን ላይ እስክትወጣ ጠበቅሁና ደወልኩላት። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ። አላነሳችውም፤ የገበያ ቀን ነው፣ ልጆቹን ይዛ ወጥታ ይሆናል። እንደገና ሞከርኩ። ከዚያ የቢሮ ሰዓት እየደረሰብኝ ስለነበር ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።